ዋስ የሌለው ሰው

እስረኛው መሬት ላይ ይቀመጣል። ሱሪውን ሰብስቦ ቀኝ እግሩን ትልቅ ድንጋይ ላይ ያጋድማል። አፉ ያልገጠመ የብረት ቀለበት ከቁርጭምጭሚቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይጠልቅለትና መዶሻው ይወርድበታል። ብረቱ እሳት አላየም፤ ቀዝቃዛና ወፍራም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ምት በቅልጥሙ አልፎ እስከ ዳሌው ይሰማዋል። የቀለበቱ ሁለት ጫፎች ሲገናኙ ተራው የግራ እግር ይሆናል። ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ብረቱን ማጥለቅ ከባድ ነው፤ ማውለቅ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ አውላቂው እጁ ከሳተ እግሩም አብሮ ይሰበራል።

ይህን አይቶ ሳይሆን ደርሶበት የጻፈልን ሄንሪ ብላንክ የተባለ ሐኪም ነው። በ1858 ዓ.ም. ክረምት አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በብረት ካሰሯቸው አውሮፓውያን አንዱ ነበር። አገሩ ጦር ልካ አስፈታችው፤ እሱም ሲመለስ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓይነት ብረት ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም የተጠፈሩ ባሪያዎች፣ ገባሮች፣ ባለዕዳዎችና ሽፍቶች ግን የጻፉት ነገር የለም። ስለ እግር ብረት አጠላለቅ ማወቅ የፈለገ ኢትዮጵያዊ የእንግሊዙን ሐኪም መጽሐፍ መግለጥ ግድ ይሆንበታል። ነገሩ ቢያስቆጭም የደቡቡን ታሪክ ለመጻፍ የሚቀመጥ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ብረቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የወረደው ከምኒልክ ጦር ጋር ነው። ከወረደባቸውም ስፍራዎች አንዷ ጢቾ ናት።

ከአሰላ ወደ ጢቾ ለመሄድ የባዳንና የጋላማን ተራራ ወደ ምሥራቅ መሻገር ያስፈልጋል። ወዲያ ማዶ ያለው አገር ገብስና ስንዴ፣ ተልባና ፈረስ ነው። ብርዱ ጠዋት ጉም ለብሶ ይመጣና ረፋዱ ላይም ቶሎ አይለቅም። ጢቾ ከአሰላ በፊት የአርሲ ግዛት መቀመጫ ነበረች። በኋላም ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር ከጠቅላይ ግዛቱ አውራጃዎች አንዷ ሆና ቆይታለች። ዛሬ የሚያያት እንግዳ እንዲህ ያለ ትልቅነት ነበራት ብሎ ላይጠረጥር ይችላል። የዚያ ዘመን ትልቅነት ግን በሕንፃ ብዛት የሚለካ አልነበረም። አገረ ገዢው የሚውልበት፣ ወታደሩ የሰፈረበት፣ ችሎት የሚሰየምበትና እስረኛ የሚታጎርበት ስፍራ ከተማ ይባል ነበር።

አርሲ በቀላሉ አልተያዘም። የንጉሥ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ዘመቻውን የመሩት ዓመታት ፈጅቶባቸው ነው። ጦርና ፈረስ የያዘው የአርሲ ሠራዊት ነፍጥ ከያዘው ጋር ሲጋጠም ቆይቶ በ1878 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ አዙሌ ላይ ተሰበረ። ሌንጂሶ ዲጋ የተባለው የጦር መሪ ስም እስከ ዛሬ የሚነሳው ከዚህ ጦርነት ጋር ነው። ከአዙሌ በኋላ ደግሞ አኖሌ አለ። በሂጦሳ፣ ከኢተያ ብዙ በማይርቀው በዚህ ስፍራ ለዕርቅ ተብለው የተሰበሰቡ ወንዶች ቀኝ እጃቸው፣ ሴቶች ጡታቸው እንደተቆረጠ የአርሲ ኦሮሞ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ። በ2006 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ እዚያው የተመረቀው ሐውልትም ጡት የያዘ እጅ ነው። ሐውልቱ ብዙ ጭቅጭቅ አስነስቷል። የድርጊቱን መጠንና አፈጻጸም የሚጠራጠሩ አሉ፤ የአፍ ታሪኩን እንደ በቂ ማስረጃ የሚይዙም አሉ።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲታለፍ የማየው አንድ ነገር አለ። እጅ መቁረጥ በዚያ ዘመን በንዴት የተፈጸመ ያልተለመደ ጭካኔ አልነበረም፤ የታወቀ ቅጣት ነበር። ለሌባም ለከዳተኛም ይበየን ነበር። በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ ድል በኋላ ለጣልያን ወግነው ከተማረኩት ኤርትራውያን አስካሪዎች ስምንት መቶ የሚሆኑት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። እንዲህ የሚቀጣ መንግሥት በአርሲ ያደረገውን ለመመርመር «አበሻ ይህን አያደርግም» ከሚል መነሳት አይቻልም።

ጦሩ ሲደርስ የአርሲ ኦሮሞ የራሱ የፍርድ ሥርዓት ነበረው። ነፍስ የጠፋ እንደሆነ ጉማ ይከፈላል። የገዳዩ ጎሳ ከብቱን አዋጥቶ ለሟች ወገን ይሰጣል፤ ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ። ሴቶች በጋብቻቸው ጊዜ የሚቀበሏትን ሲንቄ የተባለች በትር ይዘው ሲወጡ ጠብ ይቆማል፤ ሚስቱን ያለ አግባብ የደበደበ ባልም ለእነሱ መልስ ሳይሰጥ አይታለፍም። በዚህ ሥርዓት በደለኛን ዘግቶ ማኖር ምን ይጠቅማል? ከተዘጋበት ሰው ከብት አይገኝም። የሚከፍለው ጎሳው እንደመሆኑ የሚጠብቀውም ጎሳው ነው። የአርሲ አገር ከዚያ በፊት ገነት ነበር ማለቴ አይደለም፤ በጎሳዎችና በጎረቤት ሕዝቦች መካከል ጦርነትም ምርኮም ነበር። እስር ቤት ግን አያስፈልገውም ነበር።

አዲሱ ሥርዓት ያመጣው ገዢ መልከኛ ይባላል። ወታደሩና ሹሙ ደመወዝ በገንዘብ አይከፈላቸውም፤ እንደ ማዕረጋቸው ገባር ይመራላቸዋል። ተራው ወታደር ጥቂት አባወራዎች ይደርሱታል፤ ፊታውራሪው በመቶ የሚቆጠሩ። ገባሩ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ ለበቅሎ ሣር ያቀርባል፣ ማርና ማገዶ ያመጣል፣ ዘመቻ ሲታወጅ ስንቅ ይሸከማል። ሚስቱ የተወሰነላትን እህል ትፈጫለች። በገባሩና በገባሩ መካከል ጠብ ሲነሳ የሚዳኘው ይኸው መልከኛ ነው። ገባሩ መልከኛውን የሚከስ ከሆነም የመጀመሪያው ዳኛ ራሱ ተከሳሹ ይሆናል። ይግባኝ አለ፤ ይግባኙ ግን የቀናት መንገድ፣ ስንቅና መማለጃ ይፈልጋል፤ ያውም ገባሩ በማያውቀው ቋንቋ ነው።

ከገባሩ ግዴታዎች አንዱ በታሪክ መጻሕፍት በአንድ መስመር የሚታለፍ ነው፤ እስረኛ መጠበቅ። የመልከኛው ግቢ እስር ቤት አልነበረውም፤ ጎተራ፣ ጋጣ፣ ማድ ቤት ነበረው። እስረኛው ከእነዚህ በአንዱ ጥግ ይታሰራል። አስተማማኝ ቤት ስለሌለ አስተማማኝ የተደረገው ሰው ነው። ተራ የደረሰው ገባር ከቤቱ መጥቶ ያድራል፤ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ይቀመጣል። እስረኛው ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል፤ የሚስቱ ወንድም ሊሆን ይችላል። ምግብ የሚያመጡት የእስረኛው ዘመዶች ናቸው፤ መንግሥት እስረኛ አይቀልብም ነበር። እስረኛው ካመለጠ ጠባቂው በእሱ ቦታ ይያዛል፤ ወይም ዕዳው ወደ እሱ ይዞራል። እንግዲህ በዚያ ብርድ ሌሊት ከሁለቱ ማን የበለጠ እንደታሰረ መናገር ይቸግራል። መልከኛው ተኝቷል። አንድም ወታደር ሳያቆም፣ አንድም ግድግዳ ሳያቆም ሁለት ሰው አስሯል።

የድሮው የኢትዮጵያ ፍርድ በዚህ ዓይነት በሰው ላይ የተመሠረተ ነበር። ባለጉዳዩ መንገድ ላይ ባላጋራውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመዋል፤ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ሁለቱም ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ቋጠሮውን ፈትቶ የሄደ እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል። ዳኛው ፊት ሲደርሱ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ዋስ ጥራ» የሚል ነው። ዋስ ያገኘ ቀጠሮውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ዋስ ያጣ ይታሰራል፤ ወይም ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ይቆራኛል። በአንድ ሰንሰለት የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር ይያያዝና አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ባለዕዳውና አበዳሪው ተቆራኝተው በአዲስ አበባ ገበያ ሲያልፉ ፎቶግራፍ ያነሷቸው የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ናቸው። ፈረንጆቹን ያስደነቃቸው ከሳሹም አብሮ መታሰሩ ነው። ሌባ ሲጠፋም መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል፤ በስውር የሚጠቁመው «ወፍ» የጥፋተኛውን ስም እስኪያወጣ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰው ነፃነት የሚለካው «ዋስ እሆንልሃለሁ» በሚሉት ሰዎች ብዛት ነው። ድሃም ቢሆን አጎት ያለው፣ ጎሳ ያለው፣ የሰፈር ሽማግሌ የሚያውቀው ሰው ከብረቱ ሊያመልጥ ይችላል። ባሪያ ግን ማንን ይጥራ?

በወታደሩና በሹሙ ቤት ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት፣ እህል የሚፈጩት ብዙዎቹ ባሪያዎች ከሩቅ የመጡ ነበሩ። በዘመቻ ተማርከዋል፤ ወይም ከነጋዴ ተገዝተዋል። የተወለዱበትን ቀዬ ስም የሚያውቅ በአካባቢያቸው የለም። አነጋገራቸው ያስታውቅባቸዋል። የሸሸ ባሪያ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ደወል ሊደውል ይችላል፤ ካህናቱ ያስታርቁታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚታረቀው ከጌታው ጋር ነው፤ ማደሪያውም ያው ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት በብረት ያድራል። ኦርላንዶ ፓተርሰን የተባለው ጃማይካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ባርነትን «ማኅበራዊ ሞት» ይለዋል። ባሪያ ማለት ከዘመድ የተቆረጠ፣ ከጌታው በቀር በማንም ዘንድ የማይቆጠር ሰው ነው ይላል። ፓተርሰን ያጠናው ከጥንት ሮም እስከ አሜሪካ ድረስ ያሉ ሥርዓቶችን ነው፤ የእኛ የዋስ ሥርዓት ግን ሐሳቡን ያለ መጽሐፍ ያስረዳል። ለዚህም ነው በገባርና በባሪያ መካከል ያለው ልዩነት በሥራ ክብደት የማይታየው። ሥራቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነበር፤ ገባሩ ግን ሲታሰር ምግብ የሚያመጣለት ሰው አለው።

በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች የነበረው ሥርዓት በመልኩ ከዚህ ይለያል። እዚያ ሁሉም ነገር ቢሮ፣ ታሪፍና ደረሰኝ ነበረው። በሳውዝ ካሮላይና በቻርልስተን ከተማ «ስኳር ቤት» ተብሎ የሚጠራ የቅጣት ቤት ነበር። ባሪያውን በራሱ እጅ መግረፍ የማይወድ ጌታ፣ ወይም ጨዋ መምሰል የምትፈልግ እመቤት፣ ሰውየውን ወደዚያ ይልካሉ፤ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ የከተማው አስተዳደር ይገርፍላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ደግሞ በእግር እየተረገጠ የሚዞር የእህል ወፍጮ ተተከለበት፤ ሰዎች ተደርድረው እየረገጡት እህል ይፈጫሉ። ሪችመንድ ውስጥ ለምፕኪን የተባለ የባሪያ ነጋዴ የሚያስተዳድረው የግል እስር ቤት ነበር፤ ከባርነት ሸሽቶ ከቦስተን በሕግ ተይዞ የተመለሰው አንተኒ በርንስ እ.ኤ.አ. በ1854 በብረት ተጠፍሮ ለወራት የታጎረው እዚያ ነው። በእርሻው ላይ ጅራፍ የሚይዝ ኃላፊ አለ፤ በመንገድ ላይ የጌታውን የፈቃድ ወረቀት ያልያዘ ጥቁርን የሚያስቆም የሌሊት ዘበኛ አለ። ወረቀቱ የዋሱን ቦታ ይዟል ማለት ይቻላል፤ ዋሱ ግን ጌታው ራሱ ነው።

አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። በሁለቱም አገር የመቅጣት ሥልጣን ከመሬቱና ከሰው ባለቤትነቱ ጋር አብሮ የተሰጠ ነው። መንግሥት ለመልከኛው ገባር ሲመራለት ችሎትና ጅራፍም መርቶለታል።

ይህን ሥልጣን ከጌቶች እጅ ለማውጣት ብዙ አዋጅ ፈጅቷል። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አዋጅ አወጡ፤ ባሪያ ጌታው ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ነፃ እንዲወጣ ተደነገገ። በ1923 ዓ.ም. ይህ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት አጠረ። ሕጉ ቸር ነው ወይስ ፈሪ? ሁለቱንም ይመስለኛል። በጌቶች ድጋፍ የሚቆም መንግሥት ጌቶቹን በሕይወት ሳሉ ሊነካቸው አልደፈረም፤ ስለዚህ ነፃነቱን በሞታቸው ላይ አንጠለጠለው። ባሪያው ለጌታው ዕድሜ ምን ይመኝ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በ1924 ዓ.ም. የባርነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ደ ሃልፐርት የተባለ እንግሊዛዊ አማካሪም ተቀጠረለት።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ባሪያና ገባር ነፃ ወጥቷል ብሎ አወጀ፤ ለዓለም ሕዝብም ደጋግሞ አስነገረው። በአርሲ ገባሮች ዘንድ ይህ ባዶ ወሬ እንዳልነበር መካድ አይገባም፤ መልከኛው ለጊዜው ከላያቸው ወርዷል። ያው መንግሥት ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በሶማሊያ ዳናኔና በቀይ ባሕሩ ኖኩራ ደሴት አጉሯል።

ጣልያን ድል ተመትቶ ከወጣ በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ ተሻረ። በ1936 ዓ.ም. የእስር ቤቶች አዋጅ ወጣ፤ እስረኛ የመንግሥት ሆነ። በ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ ደግሞ የገባሩ የጉልበት ግዴታ በሕግ ቀረ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጡት እነዚህ ሦስት አዋጆች ጎን ለጎን ሲነበቡ የማሰር ሥልጣን ከመልከኛው ግቢ ወጥቶ ወደ መንግሥት ሲሄድ ያሳያሉ። መሬቱ ግን አልሄደም። ነፃ የወጣው ባሪያ ጋሻ መሬት አልተሰጠውም፤ ብዙው በቀድሞ ጌታው ደጅ ቀረ። ገባሩም ጭሰኛ ሆነ፤ እኩል አራሽ ወይም ሲሶ አራሽ ተብሎ ምርቱን ይከፍል ጀመር። አዲሱ ማሰሪያው ከአውድማ የሚወሰድበት እህልና ከዘር እስከ ዘር የሚንከባለል ብድር ነው። የአካባቢው ዳኛና የፖሊስ አዛዥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባለመሬቱ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ ወይም ራሳቸው ባለመሬት ነበሩ።

አሜሪካኖቹም ከዚህ የተለየ አላደረጉም። እ.ኤ.አ. በ1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን ሲሽር በወንጀል ለተፈረደበት ሰው ግን በሩን ክፍት ተወው። ነፃ የወጣው ጥቁር «ሥራ ፈት» ተብሎ ይያዛል፤ ይፈረድበታል፤ ለእርሻና ለማዕድን ባለቤቶች ይከራያል። አላባማ ይህን ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ሉዊዚያና ውስጥ «አንጎላ» የሚባለው የግዛቲቱ ትልቁ እስር ቤት ድሮ በባሪያ ጉልበት የሚታረስ እርሻ ነበር፤ ስሙም ከዚያው የተወረሰ ነው። እስረኞች እዚያ አሁንም መሬት ያርሳሉ።

አርሲ ላይ ሌላ ዓይነት ለውጥ የመጣው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ በአጭሩ ካዱ ይለዋል፣ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ። የታሰበው ለድሃው ገበሬ ነበር። ስንዴው ሲያፈራ ግን መሬቱ ለባለቤቱ ጣፈጠ። ትራክተር የገዛ ባለመሬት ጭሰኛ ምን ያደርግለታል? በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከጭላሎ እርሻዎች ተፈናቀሉ። ስዊድኖቹ የመሬት ኪራይ ሕግ እንዲወጣ ደጋግመው ወተወቱ፤ የመሬት ጌቶች የሞሉበት ፓርላማ ረቂቁን እያንከባለለ ሳያጸድቀው ቀረ። ለሰማንያ ዓመት ያህል ሰው ከመሬቱ እንዳይሄድ ሲያስር የኖረው ሥርዓት በመጨረሻ ሰውን ከመሬቱ ማባረር ጀመረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ያለበትን ኪራይ፣ ብድርና ሌላ ግዴታ ሁሉ ሰረዘ። የባለመሬቱን በሬና የእርሻ ዕቃ ይዞ እንዲቀር፣ ዋጋውን በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲከፍል ፈቀደለት። በቀጣዩ ዓመት፣ በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 71 ለገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎና የታጠቀ ጓድ ሰጣቸው። ብዙ ማኅበራት ከጽሕፈት ቤታቸው አጠገብ የራሳቸውን ማሰሪያ ክፍል ሠሩ። በጢቾ ዙሪያ ተራ ገብቶ እስረኛ ሲጠብቅ ያደረ ገባር የልጅ ልጅ አሁን የሸንጎ ዳኛ ሆኖ ሊመረጥ ይችል ነበር። ከስብሰባ ቀርተሃል፣ መዋጮ አልከፈልክም ብሎ ጎረቤቱን ማሰርም ይችል ነበር፤ ምግብ የሚያመጡት አሁንም የእስረኛው ዘመዶች ነበሩ።